ለስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል የትኛው መድኃኒት? ደረጃ በደረጃ

በሳዑዲ፣ በኾበር ዐቅረቢያ ሰፈርም ሆነ በደማም አንዱ ፋርማሲ ገብታችሁ «እግሬ ላይ ቁስል አለ» ብትሉ መደርደሪያው ሙሉ ነው። አዮዲን፣ የብር ክሬም፣ ሜቦ፣ ፉሲዲን፣ ጄል፣ ማር የተቀባ ሽፋን። ቤት ስትመለሱ ደግሞ አንዱ ጥቁር አዝሙድ፣ ሌላው ከርቤ ይዞ ይጠብቃችኋል። ይህ መመሪያ ከዚህ ሁሉ መካከል እንዴት እንደምትመርጡ ያሳያችኋል።

የስኳር ሕመምተኛን የእግር ቁስል የሚያድነው በመጀመሪያ ቅባቱ አይደለም። ቁስሉ ላይ አለመቆም፣ ሙት ሥጋውን በባለሙያ ማስነሳት፣ ኢንፌክሽን ካለ ማከም፣ የእግሩን የደም ዝውውር ማስመርመርና ስኳሩን ማውረድ ይቀድማሉ። ቅባቱ ወረፋውን ይጠብቅ። ደረጃዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ያስቀመጥኩትም ለዚህ ነው፤ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ዛሬውኑ ሆስፒታል የሚያስኬድ ምልክት ፈልጉ

እግሩን ብርሃን ላይ አውጡ። መርገጫውን፣ ተረከዙንና በጣቶቹ መካከል ያለውን ተመልከቱ። ከሚከተሉት አንዱን እንኳ ካያችሁ ቅባት መምረጡን ተዉና ሂዱ፦

– መግል ወይም መጥፎ ሽታ
– ከቁስሉ ጠርዝ 2 ሳንቲሜትር ያለፈ መቅላት
– ድንገት ያበጠና የጋለ እግር
– የጠቆረ ወይም የቀዘቀዘ ጣት
– አጥንት ወይም ጅማት የሚያሳይ ጥልቅ ቀዳዳ
– ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት
– ምግቡም መድኃኒቱም ሳይቀየር በድንገት የናረ ስኳር

በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም። ጠቆር ይላል፣ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ በጤነኛው እግር፣ ቀጥሎ በታመመው ላይ አሳርፉ። የታመመው ከሞቀ ኢንፌክሽን ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

«አያመኝም» የሚለውን መልስ ደግሞ እንደ ጥሩ ዜና አትቁጠሩት። ስሜት ያጣ እግር እየበሰበሰም ላያምም ይችላል።

አምቡላንስ ካስፈለገ 997 ደውሉ። ምክር ብቻ ከፈለጋችሁ የጤና ሚኒስቴር መስመር 937 ነው። በደማም ደማም ሜዲካል ኮምፕሌክስ፣ በኾበር የንጉሥ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አላቸው። መድን ካላችሁ በካርዳችሁ የሚሠራውን የግል ሆስፒታል አስቀድማችሁ እወቁ። ኢቃማችሁ (የመኖሪያ ፈቃዳችሁ) ያለፈባችሁም ብትሆኑ መግልና ትኩሳት ይዛችሁ ቤት አትቀመጡ። የወረቀት ጉዳይ ይዘገያል፤ የጠቆረ ጣት ግን አይመለስም።

ደረጃ 2፦ የእግሩን ስሜት ፈትሹ

ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍን። በሌባ ጣታችሁ ጫፍ የእግሩን የአውራ ጣት፣ የመሀከለኛውን ጣትና የትንሿን ጣት ጫፍ ንኩ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ። አትጫኑ። አታሹ። በሌላው እግርም ድገሙት።

በድምሩ 6 ቦታ ነክታችኋል። 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ስሜት እያጣ ነው። ውጤቱን ጻፉ፤ ለሐኪሙ ትነግሩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ቁስሉን አንድ ጊዜ ለባለሙያ አሳዩ

ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ይህን አትዝለሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የደም ዝውውሬ በቂ ነው? ወደ አጥንት ደርሷል? ሙት ሥጋና የደነደነ ቆዳ መቆረጥ አለበት? ሐኪሙ የእግሩን ትርታ በእጁ ይፈልጋል፤ ከተጠራጠረ የቁርጭምጭሚትና የክንድን የደም ግፊት ያነጻጽራል። ራጅም ሊያዝ ይችላል።

አረብኛ ካስቸገራችሁ ይህን በሉ፦ «ዒንዲ ሱከር፣ ወ ፊ ጀርሕ ፊ ሪጅሊ።» ስኳር አለብኝ፣ እግሬ ላይ ቁስል አለ ማለት ነው። ስሜት ከሌለ «ማ አሕስ ፊ ሪጅሊ» ጨምሩ። የስኳር ሕመም እግር ክሊኒኩን ስትጠይቁ «ቀደም ሱከሪ» በሉ።

ስትወጡ «ተቅሪር ጢቢ» ማለትም የሕክምና ሪፖርት ጠይቁ። ሆስፒታል ብትቀይሩ ወይም አገር ቤት ብትገቡ ሕክምናው ካቆመበት ይቀጥላል።

የደነደነውን ቆዳ በምላጭ ቤት ውስጥ አትቁረጡ። የኪንታሮት ማስለቀቂያ ፈሳሽም አታድርጉበት፤ አሲድ ነው፣ ጤነኛውን ቆዳ ያቃጥላል።

ደረጃ 4፦ ክብደቱን ከቁስሉ ላይ አንሡ

ከቅባት ሁሉ በላይ የሚሠራው ይህ ነው። መርገጫ ላይ ያለ ቁስል በእያንዳንዱ እርምጃ ይፈጫል። የፈለገውን ያህል ውድ ጄል ብትቀቡት ቆማችሁ የምትውሉ ከሆነ አይዘጋም።

በእግር መርገጫ ፊተኛና መሀከለኛ ክፍል ላለ ስሜት አልባ ቁስል ሐኪሞች አስቀድመው የሚመርጡት እስከ ጉልበት የሚደርስና ሕመምተኛው በራሱ የማያወልቀው ጄሶ ወይም ቦት ነው። ጄሶው ወደ ስኳር ሕክምና የመጣው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በሁለቱም ሕመሞች እግር የሚቆስለው በአንድ መንገድ፣ ስሜት በማጣት ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአዲስ አበባው የሥጋ ደዌ ማዕከል በአለርት የተሠራው ሥራ ለስኳር ሕመምተኛም ይጠቅማል።

ጄሶ ካልተሰጣችሁ የሚወለቅ ቦት ጠይቁ። ቦቱን ለሽንት ቤት ስትነሡ እንኳ አድርጉት። ከሌለ ክራንች ተጠቀሙ። የቤት ውስጥ ሥራችሁን ተቀምጣችሁ ጨርሱ፤ ሽንኩርት ለመክተፍ፣ ልብስ ለመተኮስ መቆም አያስፈልግም።

ሥራ ላይ ከሆናችሁ ሐኪሙን «ኢጃዛ መረዲያ» (የሕመም ፈቃድ) ይጻፍልኝ በሉ። በሳዑዲ የሥራ ሕግ በዓመት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 30 የሕመም ቀናት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 60 ቀናት ሦስት አራተኛ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል። የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ደንብ ነው፤ የሐኪም ወረቀቱን እናንተም ያዙ።

ደረጃ 5፦ ዕቃችሁን ሰብስቡ

ከፋርማሲ እነዚህን ግዙ፦

– ኖርማል ሳላይን፣ 0.9% (በአረብኛ «መሕሉል ሚልሒ»)
– በየነጠላው የታሸገ ስተራይል ጎዝ («ሻሽ» በሉ)
– የማይጣበቅ ሽፋን፣ ለምሳሌ ፓራፊን ጎዝ
– ፋሻና የወረቀት ፕላስተር
– ጓንት
– ባለ ሚሊሜትር የወረቀት ማስመሪያ
– የቆሻሻ ከረጢት

ጥጥ አትግዙ። ክሩ ቁስል ውስጥ ይቀራል። ሳላይኑ ከተከፈተ ከ24 ሰዓት በኋላ ድፉት፤ ትናንሾቹን ጠርሙሶች መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ የድሮውን ሽፋን ፍቱና አንብቡት

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጓንት አድርጉ። ፋሻውን ፍቱ። ጎዙ ከተጣበቀ አትሳቡት፤ ሳላይን አፍስሱበትና እስኪለቅ ጠብቁ። ስትስቡት አዲሱ ሥጋ አብሮ ይመጣል።

አሁን ጎዙን ከመጣላችሁ በፊት ግለጡትና አስተውሉ። መድኃኒቱን የምትመርጡት ከዚህ በምታገኙት መልስ ነው።

ጎዙ ደረቅ ነው? ቁስሉ ውኃ ያንሰዋል። መሀሉ ብቻ ረጥቧል? ልኩ ነው። እስከ ፋሻው ዘልቆ ረጥቧል? ቁስሉ ብዙ ያመነጫል። ፈሳሹ ውኃ መሰል ነው ወይስ ወፍራም? ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይስ ደም የቀላቀለ? ሽታውስ? ጎዙን ከጣላችሁና ቁስሉን ካጠባችሁ በኋላም ሽታው ካልጠፋ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

የቁስሉን ዙሪያ ቆዳ እዩ። ነጭ ሆኖ ከተጨማደደ፣ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ እጅ ከሆነ፣ እርጥበቱ በዝቶበታል።

ደረጃ 7፦ እጠቡ

ሳላይኑን ከመሀል ወደ ውጭ አፍስሱ። ቀስ ብሎ ይውረድ። በጎዝ በስሱ አድርቁ፤ አትፈትጉ። ሳላይን ካለቀባችሁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አታድርጉ። አረፋው የሚያጸዳ ይመስላል፤ የሚያድነውን ሴልም አብሮ ይገድላል። አልኮልም፣ ዴቶልም፣ ክሎሮክስም እንዲሁ።

እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉ። ስሜት የሌለው እግር ውኃው ማቃጠሉን አይነግራችሁም። ጠበል ቢመጣላችሁም ከቁስሉ ውጭ ተረጩት።

በጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ በደንብ አድርቁ።

ደረጃ 8፦ ለኩና ፎቶ አንሡ

ማስመሪያውን ከቁስሉ አጠገብ አድርጉ፤ አታስነኩት። ረጅሙን ርዝመትና ሰፊውን ስፋት በሳንቲሜትር ለኩ። ሁለቱን አባዙ። ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉ። በስልክ ከነማስመሪያው ፎቶ አንሡ፤ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫና በአንድ ብርሃን። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ይህን አታቃልሉ። ያለ ቁጥር «ትንሽ ተሽሎኛል» እያላችሁ ሁለት ወር ታሳልፋላችሁ።

ደረጃ 9፦ አሁን መድኃኒቱን ምረጡ

በመጀመሪያ ሽፋኑን በቁስሉ ሁኔታ ምረጡ።

ቁስሉ ቀይ፣ ንጹሕና በመጠኑ እርጥብ ከሆነ፦ ፓራፊን ጎዝ ወይም ሌላ የማይጣበቅ ሽፋን አድርጉ፣ በላዩ ደረቅ ጎዝ ደርቡ። ከዚህ በላይ ገንዘብ አታውጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 317 ሕመምተኞችን በሦስት መድቦ ተራውን የማይጣበቅ ሽፋን፣ የአዮዲን ሽፋንና ሃይድሮፋይበር የተባለውን ዘመናዊ ሽፋን አወዳደረ። በ24 ሳምንት የዳኑት ሰዎች ድርሻ ላይ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። የኪሳችሁ ነገር የሚያሳስባችሁ ከሆነ ይህን ውጤት አስታውሱ።

ብዙ የሚያመነጭ ከሆነ፦ አልጂኔት ወይም ፎም ያዙ። አልጂኔት ከባሕር አረም ይሠራል፤ ፈሳሽ ሲነካው ወደ ጄል ይለወጣል። በደረቅ ቁስል ላይ አታድርጉት፤ ይጣበቃል። ፎም እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ እስኪሞላ ድረስ ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል።

ደረቅ ሆኖ ቢጫ ሙት ሥጋ ከያዘ፦ ሃይድሮጄል በስሱ። ውኃ ሰጥቶ ሙት ሥጋውን ያለሰልሳል። ነገር ግን ሐኪሙ የደም ዝውውሩ በቂ ነው ካላለ አትጀምሩት።

ጥቁር፣ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ፦ ምንም እርጥብ ነገር አታድርጉ። ጄልም፣ ቅባትም፣ ማርም። በደረቅ ጎዝ ሸፍኑና የደም ሥር ሐኪም ፈልጉ። ደም የማይደርሰውን ጥቁር ሥጋ ማርጠብ ለባክቴሪያ በር መክፈት ነው።

ቀጥሎ ፋርማሲው ወይም ወዳጅ የሚያቀርብላችሁን አንድ በአንድ መዝኑ።

አዮዲን (ቤታዲን)። ጀርም ይገድላል። ቁስሉን ግን ፈጥኖ አይዘጋም። ኢንፌክሽን ለሌለው ቁስል በየቀኑ አታፍስሱበት። የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ሕመም ካለባችሁ ለሐኪሙ ሳትናገሩ አትጀምሩ።

የብር ክሬም (1% ሲልቨር ሰልፋዲያዚን)። ለቃጠሎ የታወቀ ነው። ለእግር ቁስል መዳንን እንደሚያፋጥን የሚያሳምን ማስረጃ የለውም። ነጭ ልባጭ ትቶ ቁስሉን ይጋርዳል፤ መግል መስሎ ያስደነግጣል፣ መግሉንም ይደብቃል። ሰልፋ የማይስማማችሁ አትንኩት።

ፉሲዲን፣ ባክትሮባን። አንቲባዮቲክ ናቸው። ኢንፌክሽን የሌለውን ቁስል አያድኑም፤ ባክቴሪያውን ያላምዱታል። ኢንፌክሽን ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ኪኒን ወይም መርፌ ነው። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ በሳዑዲ ክልክል ነው። ከሰው የተረፈ ኪኒንም አትዋጡ።

ሜቦ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከብዙ ቤት የማይጠፋ ቅባት ነው። መሠረቱ የሰሊጥ ዘይት ነው። ለቃጠሎ የተሠራ ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ያለው ማስረጃ ስስ ነው። ብዙ በሚያመነጭ ቁስል ላይ አትደርቡት። ሰሊጥ የሚያሳክከው ሰው ይራቀው።

ማር። እናቶቻችን ቁስል በማር አክመዋል፤ ማር ባክቴሪያን እንደሚያዳክምም እውነት ነው። ለዚህ ቁስል ግን ከተራው ሽፋን እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም እግር የሥራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ቁስሉን ለመዝጋት ተብሎ ማር እንዳይደረግ መክሯል፤ ብርና ሌሎች ፀረ ጀርም ሽፋኖችንም እንዲሁ። ሐኪም ራሱ የማር ሽፋን ካዘዘላችሁ በጋማ ጨረር የጸዳው የሕክምና ማር ይሁን። ከአገር ቤት የተላከው የጠጅ ማር የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ለቁርስ አስቀምጡት፣ እሱንም ስኳራችሁን እያያችሁ።

ከርቤ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ የቡና ዱቄት፣ ቅቤ። ክፍት ቁስል ላይ አታድርጉ። ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ንጹሕ አይደለም፣ ሐኪሙም ቁስሉን ማየት ያቅተዋል። ሂናም አትቀቡ። ሂና ያረፈበት እግር ቢቀላም ቢጠቁርም አይታይም፤ ደረጃ 1 ላይ የምትፈልጉትን ምልክት ይሸፍንባችኋል።

የስቴሮይድ ክሬም። በፍጹም አታድርጉ። ማሳከክን ያስታግሳል፣ የቁስል መዳንን ይገታል። ስሙን ደግማችሁ አንብቡ፦ ቤታዲን አዮዲን ነው፤ ቤትኖቬት ቤታሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ነው። አንዱን በሌላው መለወጥ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ከባዶቹ እንለፍ። እነዚህን ራሳችሁ አትገዙም፤ ግን መኖራቸውን አውቃችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሱክሮዝ ኦክታሰልፌት ያለው ሽፋን። ኡርጎስታርት በሚባል ስም ይታወቃል። ከላይ የጠቀስኩት መመሪያ ከጥቂት ሽፋኖች መካከል ይደግፈዋል፦ ኢንፌክሽን ለሌለው፣ ነርቩም የደም ዝውውሩም ለተጎዳ እግር፣ ክብደት ማንሣትን ጨምሮ ቢያንስ የ2 ሳምንት መደበኛ ሕክምና ላልበገረው ቁስል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት 240 ሰዎች ተሳትፈዋል። በ20 ሳምንት ቁስላቸው የተዘጋው ሽፋኑን ካደረጉት 48%፣ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ንጥረ ነገሩ የሌለውን ካደረጉት 30% ነበሩ። በዚህ ሕክምና ይህን ያህል ልዩነት ማየት ብርቅ ነው። ለዚህ ነው ስሙን ጽፋችሁ ወደ ክሊኒኩ ይዛችሁ ሂዱ የምለው።

ቤካፕለርሚን ጄል። የዕድገት ፕሮቲን ያለበት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ተፈቅዷል፣ ደም በደንብ ለሚደርሰው እግር ብቻ። ውድ ነው፣ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል። ሐኪም ሳያዝ አይጀመርም።

ምርጫችሁ ላይ ስትደርሱ አንድ ብቻ ያዙ። ሁለት ቅባት አትደባልቁ። ሁለት ሳምንት ሳትሞክሩት አትቀይሩ፤ የከፋ ምልክት ከመጣ ግን ያኔውኑ አቁሙ።

ደረጃ 10፦ ሸፍኑ

ጓንቱን ቀይሩ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ቆዳ በቫዝሊን ወይም በዚንክ ኦክሳይድ በስሱ ቀቡ፤ እርጥበቱ እንዳያኮማትረው ነው። ሽፋኑን በቁስሉ ልክ ቁረጡና አሳርፉት። ጥልቅ ከሆነ ላላ አድርጋችሁ ሙሉት፤ አትጠቅጥቁት። በላዩ ጎዝ አድርጉ።

ፋሻውን ከጣት ሥር ወደ ቁርጭምጭሚት ጠቅልሉ። ፕላስተር በጣት ዙሪያ እንደ ቀለበት አታዙሩ፤ እግሩ ሲያብጥ ደም ይቋረጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ፍቱና አላልታችሁ እንደገና ጠቅልሉ።

ጎዝ በየቀኑ ቀይሩ። ፎምና አልጂኔትን ሐኪሙ ባለው ቀን፣ ወይም ፈሳሹ ጠርዙ ላይ ሲደርስ። የረጠበ ፋሻ ግን ቀኑ አልደረሰም ተብሎ አይቆይም።

ዉዱእ የምታደርጉ፣ ፋሻው እንዳይረጥብ። በእስልምና በፋሻ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ የተፈቀደ ነው፤ አደራረጉን ሼኻችሁን ጠይቁ። ጤነኛውን እግር ከታጠባችሁ በኋላ በጣቶቹ መካከል አድርቁ። ሻወር ስትገቡ እግሩን በላስቲክ ሸፍናችሁ ከውኃው ውጭ አድርጉት።

ደረጃ 11፦ እግሩን ከምሥራቅ ሳዑዲ ሙቀት ጠብቁ

በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደማም ከ45 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። አስፋልቱና የሰድር ወለሉ ከአየሩም ይብሳሉ። በረንዳ ላይ ልብስ ለማስጣት እንኳ ባዶ እግራችሁን አትውጡ። መስጊድ ስትሄዱ በጥላው በኩል ግቡ፣ ካልሲ አድርጉ። ሾፌሮች፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ በስስ ነጠላ ጫማ ፔዳል አትርገጡ።

ቤት የምታጸዱ፣ ክሎሮክስ ያለበት ውኃ ውስጥ በክፍት ጫማ አትቁሙ። የተዘጋ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ፤ ሥራው ሲያልቅ አውልቁና ካልሲ ቀይሩ።

ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት እጃችሁን እስከ ጫፉ ድረስ ክተቱና ዳብሱ። ጠጠር፣ የተሰበሰበ ካልሲ፣ ብቅ ያለ ሚስማር። እግሩ የማይነግራችሁን እጃችሁ ይነግራችኋል።

ደረጃ 12፦ ስኳሩን ተከታተሉ

ቁስሉን በምትቀይሩበት ሰዓት ስኳሩንም ለኩ፤ አብረው ከሆኑ አይረሳም። ለብዙ አዋቂዎች ከቁርስ በፊት የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። የእናንተን ልክ ሐኪሙ ይወስን። በቁስል ሰዓት ኢንሱሊን ከታዘዘ «መጨረሻ ደረጃ ደረስኩ» ብላችሁ አትሽሹ፤ ቁስሉ ሲድን ሊቀነስ ወይም ሊቆም ይችላል።

ሲጋራና ሺሻ አቁሙ። ወደ እግር የሚወርደውን የደም ሥር ያጠባሉ። ምግብ አትቀንሱ፤ ቁስል ለመዝጋት ፕሮቲን ያስፈልጋል። ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ብሉ፤ የሚቀነሰው እንጀራውና ሩዙ ነው።

ደረጃ 13፦ በ4ኛው ሳምንት ወስኑ

የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡ። የመጀመሪያው ቀን 2 በ1.5 ከነበረ ሲባዛ 3 ነው። ዛሬ 1.4 በ1 ከሆነ 1.4 ነው። ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ በያዛችሁት ቀጥሉ።

በግማሽ ካልቀነሰ ቅባት ለመቀየር አትሩጡ። በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፦ እውነት ቁስሉ ላይ አልቆምኩም? የደም ዝውውሩ ተመርምሯል? አጥንት ውስጥ ኢንፌክሽን አለ? ሙት ሥጋው እንደገና መነሣት አለበት? ሽፋን የመቀየሩ ጥያቄ ከእነዚህ በኋላ ነው። ቁጥሩንና ፎቶዎቹን ይዛችሁ ወደ እግር ክሊኒኩ ተመለሱ። ሱክሮዝ ኦክታሰልፌቱን የምትጠይቁት ያኔ ነው።

ደረጃ 14፦ ሲዘጋም ቀጥሉ

ቆዳው ሲዘጋ ወደ ሥራ በአንድ ቀን አትመለሱ። አዲሱ ቆዳ ስስ ነው። ከዳኑት 10 ሰዎች 4ቱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ቦቱን ሐኪሙ እስኪፈቅድ አድርጉ፤ ከዚያ ጣት የማይጨብጥ፣ ወፍራም ገበር ያለው ጫማ ግዙ። ጫማውን ከሰዓት በኋላ ለኩ፤ እግር በዚያ ሰዓት ሰፋ ይላል።

10% ዩሪያ ያለው ክሬም በየማታው መርገጫውንና ተረከዙን ቀቡ። በጣቶች መካከል አትቀቡ። ጥፍራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጥጋጥጉን አትቆፍሩ። መርገጫችሁን ማየት ካቃታችሁ መስተዋት መሬት ላይ አድርጋችሁ እዩ፣ ወይም አብሯችሁ የሚኖር ሰው በየማታው ይይላችሁ።

አዲስ ቀይ ቦታ፣ ውኃ የቋጠረ ቆዳ ወይም የሞቀ ነጥብ ካገኛችሁ ያኔውኑ በእሱ ላይ መቆሙን አቁሙና ከደረጃ 1 ጀምሩ።